አራተኛ ሰው ጎድሎናል (አዳማ)

ሰሜን ወንበር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ይህን የምጽፈው የልጅ ልጄ ስልኩን አስተካክላ ሰጥታኝ ነው። ፊደል ብገድፍ ይቅርታ።

ጉዳዩ አጭር ነው። አዳማ ውስጥ ብሪጅ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ የሚችል፣ ወይም ለመማር ትዕግስት ያለው አንድ ሰው እንፈልጋለን። ዘወትር ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 12። ቦታው የእኔ በረንዳ ነው፤ ከፖስታ ቤት ብዙ አይርቅም። ገንዘብ አይያዝበትም። ቡና አለ።

ጉዳዩ አጭር ነው አልኩ እንጂ ታሪኩ ረጅም ነው። ጨዋታውን የተማርኩት ወንጂ ነው። በ1964 ዓ.ም. ስኳር ፋብሪካው ላብራቶሪ ተቀጠርኩ። ያኔ ፋብሪካው የሆላንዶቹ ነበር። ኩባንያቸው ኤች.ቪ.ኤ ይባላል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ በሸንኮራ ሲሠራ ኖሮ ነው ወደ እኛ የመጣው። ወንጂ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ነው። ሆላንዶች ብሪጅ ይወዳሉ። ማታ ማታ ክለባቸው ውስጥ አራት አራት ሆነው ይቀመጣሉ። እኔ የላብራቶሪ ውጤት ላደርስ እገባና በር ላይ ቆሜ አያለሁ። አንድ ማታ አራተኛው ሰው በወባ ተኛ። አለቃዬ ዞር ብሎ አየኝና «ቁጥር ትችላለህ፤ ተቀመጥ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ይኸው እስከ ዛሬ አልተነሳሁም።

በ1967 ፋብሪካው ሲወረስ ሆላንዶቹ ሄዱ። ለእኛ ስድስት እሽግ ካርታና በሆላንድኛ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ቀረን። ሆላንድኛ የሚያነብ ማንም አልነበረም። ሥዕሎቹን እያየን ተማርን። በደህናው ጊዜ ሦስት ጠረጴዛ ዘርግተን 12 ሰው ነበርን። ከዚያ ሞት አለ፣ ዝውውር አለ፣ አሜሪካ አለ። አራት ቀረን። ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ የደቡብ ወንበር ባዶ ሆነ። እኔ ሰሜን ነኝ፤ ደቡብ ማለት ከፊት ለፊቴ 41 ዓመት የተቀመጠው ሰው ነው። ምስራቅና ምዕራብ ባልና ሚስት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህራን። አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ሦስት ሆነን ቡና ጠጥተን እንለያያለን። ብሪጅ በሦስት ሰው አይሆንም።

የምትችሉ ካላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ።

---

ያያ ኮንከር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡31

ጋሼ፣ በመጀመሪያ ነፍስ ይማር። ከባድ ነው። ግን ይሄ ብሪጅ ከኮንከር በምን ይለያል? የሚፈልጉት ኮንከር የሚጫወት ሰው ከሆነ በኩንታል እናመጣልዎታለን 😄

---

የሐይቅ ዳር ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

41 ዓመት! ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። ለቤተሰቡ መጽናናትን ይስጥ።

---

ሰሜን ወንበር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ኧረ በስመ አብ! አልሞተም! ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አጻጻፌ ነው። በሕይወት አለ፤ ቤቱ ቁጭ ብሏል። እንዲህ መባሉን ቢሰማ ይገድለኛል።

እምቢ ያለው ዓይኑ ነው። ግላኮማ አሉት። መጀመሪያ ከጎን ያለውን ማየት አቃተው። ከዚያ ቀዩና ጥቁሩ ተምታታበት። ጥቅምት ላይ ልብ መሰለኝ ብሎ ዳይመንድ ጣለ። ማናችንም ምንም አላልንም። እሱ ግን አወቀ። ካርታውን ሰብስቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ሌላ ሰው ፈልጉ» ብሎ ተነሳ። እኔም ይኸው እየፈለግሁ ነው።

ስለ ኮንከሩ ልመልስልህ ልጄ። ኮንከር ላይ እያነሳህ፣ እየጣልክ ለራስህ ትሰበስባለህ። ብሪጅ ላይ ብቻህን ምንም አይደለህም። 52ቱ ካርታ ለአራት ሰው ይታደላል፤ ለእያንዳንዱ 13። ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለቱ አንድ ወገን ናቸው። ጨዋታው በዙር ነው። አራቱም አንዳንድ ካርታ ይጥላሉ፤ ትልቁን የጣለ ይበላል። በጠቅላላው 13 ዙር አለ።

ጣዕሙ ግን ከዚያ በፊት ያለው ጨረታ ነው። «እኔና ጓደኛዬ ይህን ያህል እንበላለን፣ ስፔድ ገዢ ይሁን» እያልክ ትጠራለህ። ሌላው ከፍ ያደርጋል ወይም ያልፋል። ስፔድ ገዢ ከሆነ፣ ልብ ያለቀበት ሰው በስፔድ ሁለት የልብን ኤስ ይበላታል። ጨረታው ላይ መናገር የምትችለው 38 ቃል ብቻ ነው። ሰባት ደረጃ በአምስት ዓይነት (አራቱ የካርታ ዓይነቶችና «ገዢ የሌለው») 35፤ ከዚያ «ፓስ»፣ «ደብል»፣ «ሪደብል»። በቃ። ፊት ማጨማደድ የለም፣ ማሳል የለም። በ38 ቃል የ13 ካርታህን ታሪክ ለጓደኛህ ትነግራለህ፤ ያውም ባላጋራህ እየሰማ።

ጨረታው ሲያልቅ ካርታውን የሚያጫውተው ከአሸናፊው ወገን አንዱ ነው። ጓደኛው ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ዝም ይላል። ደሚ ይባላል። ጓደኛው ሲያበላሽ ቁጭ ብሎ ያያል፤ አንድ ቃል አይተነፍስም። ብዙ ትዳር ይህን ሕግ ቢያውቅ ጥሩ ነበር።

---

ያያ ኮንከር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡12

አቦ ጋሼ ይቅርታ፣ በሰው ቁም ተዝካር አወጣሁ 🙈 ዝም ማለት ካለበት ግን እኔ አልሆንም። ኮንከር ላይ ከካርታው አፉ ነው የሚበልጠው።

---

እህተ ገላ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ጋሼ አይቀየሙኝ። ለእኔ ካርታ ካርታ ነው። ታላቅ ወንድሜ በካርታ ደመወዙን፣ ከዚያ ሞተሩን፣ በመጨረሻ እናታችን የሰጠችውን ቦታ በላበት። እሱም ሲጀምር «ገንዘብ የለውም፤ ለጨዋታ ነው» ነበር የሚለው። ወጣት ለምን ወደዚህ ይጠራል?

---

ዳዊት ደጋሚ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡48

በዚህ ዕድሜ ዳዊት መድገም እንጂ ካርታ መበወዝ ምን ይባላል?

---

ሰሜን ወንበር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

እህቴ፣ አልቀየምም። ስለ ወንድምሽ አዝናለሁ። ፈርተሽ መጠየቅሽ ልክ ነው። እኛ በ1970ዎቹ አንድ ሰው «ትንሽ ትያዝበት፤ ለሞቅታ» ብሎ ነበር። ደቡብ ካርታውን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ሦስት ሳምንት ጨዋታ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ማንም አላነሳውም። ብሪጅ ላይ ዕድልን ራሱ የምናስወግድበት መንገድ አለ። ሁለት ጠረጴዛ ሲሆን አንድ ጠረጴዛ የተጫወተበትን ካርታ ሳይበወዝ፣ እንደታደለ፣ በእንጨት ሳንቃ አድርገን ለሌላው ጠረጴዛ እናቀብላለን። እነሱም ያንኑ ካርታ ይጫወታሉ። ከዚያ ነጥብ ይተያያል። መጥፎ ካርታ ደረሰኝ ብሎ ማላከክ የለም፤ ያው ካርታ ለሌላውም ደርሶታል። ቁማርተኛ ይህን አይወደውም።

ወንድሜ ዳዊት ደጋሚ፣ ዳዊቴን ጠዋት ደግሜ ነው ማክሰኞ 9 ሰዓት የምቀመጠው።

---

ቀመር | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡15

የሂሳብ መምህር ነኝ፤ አዳማ ነው የማስተምረው። ብሪጅ ተጫውቼ አላውቅም፤ ቁጥሩን ግን ለተማሪዎቼ አንስቻለሁ። ከ52 ካርታ 13 የሚታደልበት መንገድ 635,013,559,600 ነው። በሰከንድ አንድ እጅ ቢታደል ሁሉንም ለማየት ከ20 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ጋሼ ሃምሳ ዓመት ቢጫወቱም ገና ጀማሪ ነዎት 😊

ማክሰኞ ከሰዓት ክፍል አለኝ እንጂ መምጣት ይቃጣኝ ነበር።

---

በረዶ ውስጥ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡50

ከቶሮንቶ ነኝ፤ የአዳማ ልጅ። ልቤን ነው የነካችሁት። እዚህ የጎረቤቴ ባል ሲሞት ሴትዮዋ «አራተኛ ሆነሽ ተቀመጪ» ብላ ነው ያስተማረችኝ። እንደ ጋሼ ማለት ነው፤ ሰው በጎደለበት ነው የገባሁት። ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ አሁንም ጨረታ ላይ እፈራለሁ።

ይሄ የቦዘኔ ጨዋታ አይደለም። ግብጻዊው ተዋናይ ኦማር ሸሪፍ እ.ኤ.አ. በ1964 በብሪጅ ኦሊምፒያድ ለአገሩ ተሰልፏል። የቻይናው ዴንግ ሺያዎፒንግ እስከ እርጅናው ይጫወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ጃካርታ በተካሄደው የእስያ ጨዋታዎች ደግሞ ብሪጅ ከነሜዳሊያው ነበረ። በወንዶች ጥንድ ወርቁን የወሰዱት ሁለት ሕንዶች ናቸው፤ አንደኛው 60 ዓመቱ ነበር። ሌሎቹ ሲዋኙና ሲሮጡ እሳቸው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ወርቅ!

ጋሼ፣ ለምን በኢንተርኔት አይጫወቱም? ብሪጅ ቤዝ ኦንላይን የሚባል አለ። በማንኛውም ሰዓት ሰው አይጠፋም።

---

ሰሜን ወንበር | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ልጄ፣ የልጅ ልጄ ከፍታልኝ ሞክሬዋለሁ። ሁለት ማታ ተጫወትኩ። ጨዋታው ያው ነው፤ ጎበዞችም አሉ። ግን ከፊት ለፊቴ የተቀመጠው አንድ ባንዲራና አንድ የማይነበብ ስም ነው። ሦስተኛው እጅ ላይ አንድ ዙር ባበላሽበት ሳይሰናበተኝ ወጣ። ደቡብ ስንት ጊዜ አበላሽቼበታለሁ! አንድ ቀን ተነስቶ አልሄደም። መብራት ሲሄድ ደግሞ ጨዋታው መሀል ላይ ይቀራል። በሻማ መጫወት የለመደ ሰው ይህ ያናድደዋል።

ሻማ ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ጊዜው የሰዓት እላፊ ጊዜ ነው፤ 1970 ወይም 71። ሰዓት ካለፈ መውጣት ስለማይቻል አንዱ ቤት ተሰብስበን፣ በር ዘግተን እስኪነጋ እንጫወታለን። አንድ ሌሊት ጥበቃዎች መጡ። ቤት ፈተሹ። ያገኙት ነጥብ የምንጽፍበትን ወረቀት ነው። «ሰሜን-ደቡብ 620። ምስራቅ-ምዕራብ 100።» በዚያን ጊዜ! ሰሜንና ደቡብ ተብሎ፣ ቁጥር ተጽፎበት! «ሰሜን ማን ነው?» አሉ። እኔ ነኝ አልኩ። «620ው ምንድን ነው? ሰው ነው ጥይት?»

አራት ስፔድ ጠርቶ (የመጀመሪያው ስድስት ዙር ሳይቆጠር አራት ማለት ነው) አሥር ዙር የበላ ሰው የሚያገኘው ነጥብ ነው ብዬ ባስረዳ ማን ይሰማኛል። ሁለት ሌሊት አደርን። በሦስተኛው ቀን ኃላፊያቸው «እስቲ ተጫወቱና ልይ» አለ። አራታችንም እጃችን እየተንቀጠቀጠ ተጫወትን። አራት እጅ ሙሉ ቆሞ አየ። መጨረሻ ላይ «ይሄ እንኳን ሴራ፣ ጨዋታም አይመስልም» ብሎ ለቀቀን። ካርታውን ግን አልመለሰም።

---

ባለ ባጃጁ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡05

ጋሼ በሳቅ ገደሉኝ። ተሳፋሪ ይዤ እያነበብኩ ልገለበጥ ነበር (ቀልድ ነው፤ ቆሜ ነው)። እኔ አዳማ ባጃጅ እነዳለሁ። ማክሰኞ 9 ሰዓት ፀሐዩ ስለሚከብድ ሥራ ይቀዘቅዛል። ካርታ ከክራዚ ሌላ አላውቅም። ግን ዝም ማለት እችላለሁ። ይሆናል?

---

ሰሜን ወንበር | ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡40

ዝም ማለት ከቻልክ ግማሹን ታውቃለህ። ና።

አንድ ምክር ብቻ። ቤትህ እያለህ መቁጠር ልመድ። ኤስ 4፣ ኪንግ 3፣ ኩዊን 2፣ ጃክ 1። እሽጉ ውስጥ በጠቅላላው 40 ነጥብ አለ። ከ12 በላይ ከያዝክ አፍህን ክፈት፤ ካልሆነ «ፓስ» በል። አንተና ጓደኛህ አንድ ላይ 25 ካላችሁ ወደ ትልቁ ነጥብ ትሄዳላችሁ።

---

የሰበታው | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡25

ጋሼ፣ እንደምን አመሹ። እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። ሰበታ መርሃ ዕውራን ነው የተማርኩት፤ አሁን አዲስ አበባ እሠራለሁ። ይህን ሁሉ ያነበበልኝ ስልኬ ነው። አንድ ነገር አልገባኝምና ልጠይቅ።

ጓደኛዎ ማየት አቃታቸው እንጂ መቁጠር አቃታቸው እንዴ? መስማትስ?

እኛ ትምህርት ቤት እያለን ካርታ እንጫወት ነበር። የብሬል ነጥብ የተወጋበት ካርታ ነው። በዓለም ላይ ተሠርቶም ይሸጣል፤ እኛ ግን ራሳችን ነበር የምንወጋው። ቀሪው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሰው ሲጥል የካርታውን ስም ይጠራል። የሚዘረጋው ካርታ ደግሞ አንድ ጊዜ ጮክ ተብሎ ይነበባል። በ70 ዓመት ብሬል መማር ከባድ ነው እንዳይሉኝ፤ ሙሉ ፊደል አያስፈልግም። 13 ምልክት ለቁጥሩ፣ 4 ምልክት ለዓይነቱ። 17 ምልክት ብቻ። ለጨረታው 38 ቃል የያዘ ሰው 17 ያቅተዋል?

ለባጃጁ ወንድሜ ጥላቻ የለኝም። ግን አራተኛ ሰው አልጎደላችሁም ጋሼ።

---

እህተ ገላ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡50

☝️☝️ ይሄን ሰው እግዚአብሔር ይባርከው። እኔ ካርታ የማልወደው ራሴ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

---

ያያ ኮንከር | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡00

ግን ነጥቡ ከጀርባ አይታይም? ባላጋራ እያየ ቢያጭበረብርስ? (ኮንከር ላይ በጥፍር ምልክት የሚያደርግ ሰው አውቃለሁ። ስም አልጠራም 😏)

---

ባለ ባጃጁ | ዓርብ፣ ከቀኑ 10፡15

ጋሽ ሰሜን የት ጠፉ? ኤስ 4፣ ኪንግ 3 እያልኩ ተሳፋሪ አሳብጃለሁ እኮ።

---

ሰሜን ወንበር | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12፡40

አልጠፋሁም። አንብቤ ስልኩን አስቀመጥኩት። እንቅልፍ አልወሰደኝም። እውነቱን ልናገር።

ከጥቅምት ወዲህ ደቡብን የጠየቅሁት ሁለት ጊዜ ነው። ቤቱ ከእኔ ቤት በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ሁለቱንም ጊዜ ሻይ ጠጣን፣ ስለ ጤፍ ዋጋ አወራን፣ ወጣሁ። ምን እንደምለው አላውቅበትም። 41 ዓመት ሙሉ የተነጋገርነው በ38 ቃል ነው። ሚስቱ ስትሞት እንኳ ሰልስት ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ እንጂ ያወጣሁት ቃል ትዝ አይለኝም። በሳምንቱ ማክሰኞ መጣ፣ ተቀመጠ፣ «አንድ ስፔድ» አለ። «ሦስት ስፔድ» አልኩት። ለእኔ ያ ለቅሶ መድረስ ነበር። ለእሱም ይመስለኛል።

ደግሞ አንድ ቂም አለን። ሳይናገሩት የሚኖሩት ዓይነት አይደለም፤ በየሦስት ወሩ የሚነሳ ነው። በ1979 አራት ስፔድ ጠራሁ። ደቡብ ደሚ ነው። እኔ አምስት ስፔድ አለኝ፣ ከኪንግ ጋር። እሱ አራት ዘረጋ፣ ኤስና ጃክ ያሉበት። የጎደለችው ትልቅ ካርታ ኩዊን ብቻ ናት። ኪንጌን ጣልኩ፤ ምስራቅም ምዕራብም ትንንሽ ሰጡ። ቀጥዬ ከእጄ ትንሽ ጣልኩ፤ ምስራቅ ደግሞ ትንሽ ሰጠ። ኩዊኗ ብቻ ቀረች። ምስራቅ ጋ ነች ብዬ ጃክን ላስጥል ወይስ ምዕራብ ጋ ነች ብዬ በኤስ ልያዛት? በሁለታችን መካከል ዘጠኝ ካርታ ካለ ኤስ ጣል ነው የሚባለው። ኤስ አልኩ። ምዕራብ ዳይመንድ ጣለች፤ ስፔዷ አልቋል። ኩዊኗ ምስራቅ ጋ ነበረች። በአንድ ዙር ወደቅን።

ደቡብ ያን ማታ ኮቱን ለብሶ «ምዕራብ ልብ እንደጠራች አልሰማህም?» አለኝና ሄደ። ይኸው እስከ ዛሬ ያንኑ ይለኛል።

የሰበታው ልጄ፣ አራተኛ ሰው ስፈልግ እሱ የሚለኝን የማይለኝ ሰው ነበር የምፈልገው መሰለኝ። ያንን ካርታ እንዴት ነው የሚወጋው?

---

ቀመር | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ጋሼ ይህን ሳላሰላ መዋል አልቻልኩም። አራት ካርታ ጎድሎ ኩዊኗ ከውስጡ ስትሆን ሁለት መንገድ አለ። ኪንግና ኤስን ተከታትሎ መጣል 58 በመቶ ያስኬዳል። አንዱን ጥሎ በጃክ መሞከር 56 በመቶ። ልዩነቱ 2 ነው። ሁለታችሁ ከ1979 ጀምሮ የተጣላችሁት በ2 በመቶ ነው!

ይህ ግን ስለ ባላጋራ እጅ ምንም ካልተሰማ ነው። ምዕራብ ልብ ጠርታ ከነበረ ሂሳቡ ይቀየራል። ልብ የበዛበት እጅ ውስጥ ለስፔድ የሚተርፈው ቦታ ያንሳል። ስለዚህ ማን ልክ እንደሆነ አልናገርም። ሰው ላጣላ አልመጣሁም።

---

የሰበታው | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ጋሼ፣ መውጊያውንና ሰሌዳውን ፍለጋ አይድከሙ። እኔ ጋ አለ። አንድ እሽግ ዛሬ ማታ እወጋልዎታለሁ። ጠንከር ያለ፣ ፕላስቲክ የተቀባ ካርታ ነው የሚሻለው፤ ወረቀቱ ነጥቡን ቶሎ ያጠፋዋል። ሁለት ጥግ ላይ እወጋለሁ፤ እንደ ያዙት እንዲያገኙት። ሰኞ ጠዋት በሚኒባስ እልካለሁ። በፈጣኑ መንገድ አንድ ሰዓት ነው።

የ17ቱን ምልክት ትርጉም በድምፅ ቀርጬ አያይዣለሁ። አብራችሁ ተለማመዱ። እርስዎም ዓይንዎን ጨፍነው።

ያያ ኮንከር ለጠየቀው፦ ከጀርባ ትንሽ ይታያል። በ70 ዓመት ዓይን ግን ማን ያየዋል 😂

---

ባለ ባጃጁ | ሰኞ፣ ከቀኑ 5፡30

ዕቃው ከመናኸሪያ በእጄ ገብቷል። ሾፌሩ «ምንድን ነው?» አለኝ። «ካርታ» አልኩት። «የመሬት?» አለ።

---

ሰሜን ወንበር | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡20

አጭር ዜና። ሰኞ ከሰዓት ሄድኩ። ካርታውን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ምንም አልተናገረም። አውራ ጣቱን ጥጉ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ ቆየ። ከዚያ «ይሄ ስንት ነው?» አለ። ሰባት ነው አልኩት። «ዓይነቱስ?» አበባ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እየሄድኩ ነው። እሱ በሦስት ቀን 17ቱን ያዘ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ዘጠኝና ስድስት እስካሁን ይምታታብኛል። የፊታችን ማክሰኞ አንደርስም። የሚቀጥለው።

---

ባለ ባጃጁ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

እሺ፣ ሪፖርት! ሁላችሁም እየጠበቃችሁ እንደሆነ አውቃለሁ።

8 ሰዓት ተኩል ላይ ጋሽ ደቡብን ከቤት አነሳሁ። ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው! በዚህ በአዳማ ሙቀት! ባጃጅ ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ጣታቸው ብቻ ጉልበታቸው ላይ ይንቀሳቀሳል።

በረንዳው ላይ ጠረጴዛው አረንጓዴ ጨርቅ ለብሷል። ጥግ ላይ የጠጠር ሳህን አለ። ምንድን ነው ስል ለነፋሱ ነው አሉኝ። ይሄ ተርባይን የሚያዞረው ነፋስ የተዘረጋውን ካርታ ስለሚበትን እያንዳንዱ መስመር ላይ ጠጠር ይቀመጣል። የእኔ ሥራ ጠጠር ማስቀመጥና ደሚውን ማንበብ ሆነ። ተጫዋች ልሆን ሄጄ ዲያቆን ሆንኩ።

ጋሽ ደቡብ እጃቸውን ለመደርደር የመጀመሪያው ላይ አምስት ደቂቃ ፈጀባቸው። ማንም አልቸኮለም። እማማ ምዕራብ ቡና ቀዱ። ከዚያ «አንድ ልብ» አሉ። ጋሽ ሰሜን ለመመለስ በጣም ቆዩ። እኔ የሚያስቡ መስሎኝ ነበር። ምስራቅ «ኧረ ጥራ እንጂ ሰውዬ» ሲሏቸው ነው «ሁለት ልብ» ያሉት።

ደሚውን ሳነብ በትልቁ ጮኽኩ። «ልጄ፣ ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው» አሉኝ። ሁለተኛ ላንብብ ስል «አንዴ ይበቃል»። ሰባተኛው ዙር ላይ ጠረጴዛው ላይ የልብ ስድስት አለ ብዬ ጠራሁ። «የለም፤ ስድስቷ ሦስተኛው ዙር ላይ ሄዳለች፤ ያቺ ዘጠኝ ናት» አሉ። ገልብጬ አየሁት፣ ዘጠኝ ነው! የማየው እኔ፣ የሚያውቁት እሳቸው!

ጋሽ ሰሜን ሲጥሉ ስሙን መጥራት ስለሚረሱ አራት ጊዜ ተቆጧቸው። ስምንት እጅ ተጫወቱ። ባልና ሚስቱ አምስቱን አሸነፉ።

---

የሰበታው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ነጥቡ አልደበዘዘም? ከደበዘዘ ሌላ እሽግ እወጋለሁ።

---

ባለ ባጃጁ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡42

አልደበዘዘም። ግን ላክ ብለዋል፤ ለሁለተኛ ጠረጴዛ። ቀመርንም ቅዳሜ ይመችህ እንደሆነ ጠይቅልኝ ብለዋል።

ቆይ፣ ጋሽ ደቡብ ወደ ቤት ሊገቡ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ቀመር የጻፈውን አንብቤላቸው ነበር። ጻፍልኝ እያሉ ነው፦ «58ቱንም 56ቱንም አውቃለሁ። ሆላንዶቹ መጽሐፍ ላይ አለ። ነገር ግን ምዕራብ ልብ ጠርታለች። ልብ አምስት ከያዘች ስፔድ የሚተርፍላት ጥቂት ነው። ኩዊኗ ምስራቅ ጋ ነበረች። ያኔውኑ ነግሬዋለሁ።»

---

ሰሜን ወንበር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

አልነገረኝም። ደሚ ነበር። ደሚ አይናገርም።

---

ባለ ባጃጁ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡53

«ኮቴን ስለብስ ነገርኩህ» እያሉ ነው። ጋሽ ሰሜን ደግሞ ከበረንዳው ሆነው እጃቸውን እያወናጨፉ ወደ ባጃጁ እየመጡ ነው። ልነሳ ወይስ ልቁም?